ኦቲዝም ያለበት ሰው ታሞ ሲመጣ፦ ከካርድ ክፍል እስከ ቀጠሮ ወረቀት፣ ጎንደርና ዙሪያዋ ለምንሰራ ባለሙያዎች

ይሄን የምጽፈው ጎንደርና ዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለምትሰሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ኢንተርኖች ነው። ወላጆችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም እዚ ከምዘረዝረው ውስጥ ብዙውን ባለሙያው ካላሰበበት እናንተ መጠየቅ ትችላላችሁ። ኦቲዝም ምንድነው፣ ከምን ይመጣል የሚለው ውስጥ ብዙ አልገባም። የኔ ጉዳይ ኦቲዝም ያለበት ሰው እንደማንኛችንም ጆሮውን ሲያመው፣ ሆዱ ሲደርቅ፣ ጥርሱ ሲቦረቦር፣ ወባ ሲይዘው እንዴት በአግባቡ ይታከም የሚለው ነው።

ከዚ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይቺን ያዙልኝ፦ ባህሪው በድንገት ከተቀየረ፣ ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ አሞታል ብላችሁ ተነሱ። "ኦቲዝም ስላለበት ነው" የምትል ነገር አንዴ ካርድ ላይ ከሰፈረች በኋላ የሚቀጥለው ባለሙያ ጆሮ አያይም፣ ሆድ አይዳብስም፣ አፍ አያስከፍትም፣ ያቺን አንብቦ ማረጋጊያ ጨምሮ ይሸኛል። ልጁ "እዚጋ ያመኛል" ማለት ስለማይችል ብቻ ህመሙ የባህሪ ችግር ተብሎ ይቀራል።

1. ስራው ከመምጣታቸው በፊት ይጀምራል

ቀጠሮ ያለው ታካሚ ከሆነ ምንም ብር የማይጠይቀውና ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ካርድ ክፍል ያለውን ግፊያ ታውቁታላችሁ፣ ከደንቢያ ከወገራ ከጭልጋ በሌሊት ተነስቶ የመጣው ሁሉ መስኮቱ ላይ ነው፣ ስም በጩኸት ይጠራል፣ ህፃን ያለቅሳል፣ አልጋ እየተገፋ ያልፋል። እኛ ለምደነዋል። ድምፅና ብርሃን ከሌላው ሰው በላይ ለሚሰማው ሰው ግን እኛ ጋ ሳይደርስ አቅሙ ያልቃል፣ ክፍል ሲገባ የምናየው ጩኸት የዛ ውጤት ነው። ስለዚ ወይ የመጀመሪያ ተራ ስጡት፣ ወይ ሰው ሲቀንስ ከሰዓት በኋላ ወደ መጨረሻው ቅጠሩት። "ለሌላው አድልዎ አይሆንም ወይ" የሚል አይጠፋም፣ አይሆንም፣ መራመድ ለማይችል ሰው ደረጃው ጎን መወጣጫ መስራት ማንም አድልዎ አይለውም።

ከተቻለ ከቀጠሮው በፊት እናትየዋ ጋ ወይም አባትየው ጋ ደውሉ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። ሲያመው በምን ታውቃላችሁ? ምን ያስደነግጠዋል፣ ምን ያረጋጋዋል? ሰው ሲነካው እንዴት ነው? ከዚ በፊት ሐኪም ቤት ምን አጋጥሞት ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት፣ ብዙ ልጅ ነጭ ጋውን ሲያይ የሚሸሸው አንድ ቀን አራት ሰው ይዞት መርፌ ስለተወጋ ነው።

ስማርት ስልክ ካላቸው የበሩን፣ የሚዛኑን፣ የሚቀመጥበትን ወንበርና የራሳችሁን ፊት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩላቸው። ማታ ማታ "ነገ እዚጋ እንገባለን፣ እዚጋ እንመዘናለን፣ ከዛ ቤት" እያለች ታሳየዋለች። ገጠር ከሆነና ስልኩ የማይሆን ከሆነ ይሄንኑ ስራ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን በቃል ልትሰራው ትችላለች፣ እሷ ቤታቸውን ታውቀዋለች።

የጎንደር ቀን መቁጠሪያ ላይም ልብ በሉ። ከጥር 10 እስከ 12 ቀጠሮ አትስጧቸው፣ ከተማው በሙሉ እልልታና ከበሮ ነው፣ መንገዱ ይዘጋል። እንደውም የጥምቀት ሰሞን የሚረበሹ ልጆች ስላሉ ከበዓሉ በፊት ወላጆችን ስለ ጆሮ መሸፈኛ፣ ስለሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቤት፣ ሰው ከመሙላቱ በፊት በጠዋት ደርሶ ስለመመለስ ብታወሯቸው ጥሩ ነው።

2. መጠበቂያው

አጭር ነው። ወረፋ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር ወይም የመጡበት ባጃጅ ውስጥ ይቆዩ፣ ተራቸው ሲደርስ በስልክ ጥሯቸው። በር ላይ ላለው ጥበቃና ለካርድ ክፍሏ ሰራተኛ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ምክንያቱም ስራውን ሁሉ የሚያበላሸው አንዳንዴ "ምን አይነት ስነስርዓት የሌለው ልጅ ነው፣ ያዢው እንጂ" የሚል አንድ ሰው ነው። እናትየዋ ያንን ከሰማች በኋላ እናንተ የምትሏት አይገባትም።

3. በር ሲገባ

ሰላምታችሁ ለታካሚው ይሁን፣ ቀጥሎ ለቤተሰቡ። ባይናገርም ይሰማል ብላችሁ ተነሱ፣ አለመናገር አለመረዳት አይደለም። ፊቱ ቁጭ ብሎ "ይሄ ልጅ ምንም አይገባውም አይደል?" ብሎ እናትን መጠየቅ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። አዋቂ ከሆነ ደሞ እንደ አዋቂ አናግሩት፣ 25 ዓመት የሞላው ሰው ማሙሽ አይባልም።

እናትን "እታለም፣ ልጅሽን ከኔ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ከወትሮው ምን ተለየብሽ?" በሏት። ይቺ ጥያቄ ከየትኛውም የሂስትሪ ፎርም የበለጠ ታወጣለች። አያት ይዘውት ከመጡ "እማማ፣ እርሶ ምን አዩበት?" በሉ፣ አብዛኛውን ቀን አብረውት የሚውሉት እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉ።

ዓይኑን እንዲያያችሁ አታስገድዱት፣ ሳያያችሁም እያዳመጠ ነው። ዓረፍተ ነገር ይጠር፣ አንዴ አንድ ነገር ብቻ። ከተናገራችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ፣ ለመመለስ ጊዜ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፣ እኛ ግን መልስ ሳይመጣ ጥያቄውን በሌላ ቃል ቀይረን እንጠይቅና ከዜሮ እናስጀምረዋለን። መድገም ካለባችሁ በነዛው ቃላት ድገሙ። "ትንሽ ቆይ" ከምትሉ "ሁለት ሰው ይገባል፣ ከዛ አንተ ትገባለህ" በሉ። "ደምህን ልወስደው ነው" ሲባል ደሜን ሁሉ ብሎ የሚደነግጥ አለ፣ "ከዚች ጣት ትንሽ ጠብታ ደም" ማለት ይሻላል። እና አትዋሹ፣ የሚያም ከሆነ "ትንሽ ያማል፣ እስከ 5 እንቆጥራለን ያልቃል" በሉ፣ 5 ላይ ደሞ ይለቅ።

ክፍሉን በተመለከተ የሚርገበገብ አምፖል ካለ አጥፉት፣ መስኮት ይበቃል። ተማሪዎች ካሉ ይውጡ። በራውንድ ላይ አስራ ምናምን ሰው አልጋ ከቦ መቆም ለማንም አይመችም፣ ለዚ ታካሚ ግን ጭራሽ አይሆንም፣ አንድ ሰው ገብቶ አይቶ ለሌላው ኮሪደር ላይ ይንገር።

4. ምርመራ

ቅደም ተከተሉ ከማይነካው ወደሚነካው ነው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩት፣ እንዴት ይተነፍሳል፣ እንዴት ይራመዳል፣ የቱን ቦታ ይይዛል፣ የትኛውን ጎን ይሸሻል። ይሄን ጊዜ እናት እያወራች ስለሆነ የባከነ ሰዓት የለም። ጋውኑን አውልቁ። ስቴቶስኮፑን ስጡትና ይነካካው፣ መጀመሪያ እናቱ ላይ አድርጉት፣ ከዛ እሱ ራሱ ደረቱ ላይ ይያዘው፣ ከልብስ በላይ መጀመር ይቻላል። ሚዛን ላይ አልወጣም ካለ እናቱ ይዛው ትውጣ፣ ከዛ ብቻዋን ትመዘን፣ ቀንሱት። ግፊት ስትለኩ ማጥበቂያው ሲነፋ የሚጨንቃቸው አሉ፣ እንደሚጨብጥና እንደሚለቅ አስቀድሞ በእጃችሁ ክንዱን ጭብጥ ለቀቅ አድርጋችሁ አሳዩት። ቀለል ያለ መነካካት የሚያስበረግገው ልጅ ጠንከር ባለ እጅ ሲያዝ የሚረጋጋበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ወላጁን ጠይቁ። ጆሮ ስታዩ ከማያመው ጎን ጀምሩ። ጉሮሮ ለማየት ወዲያው እንጨቱን አትክተቱ፣ "አፌን እይ፣ አአአ" ብላችሁ እናንተ ስትከፍቱ አብሮ የሚከፍት አለ።

አሁን ደም መውሰድ። እዚጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚ ነው። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ውጤቱ የምሰራውን ነገር ይቀይረዋል ወይ? ካልቀየረ አትውሰዱ። የሚያስፈልግ ከሆነ ዛሬም ነገም ከሚወጋ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እዘዙ። ልጁ ሳይገባ ቱቦው ስም ተጽፎበት፣ ጥጥና ፕላስተሩ ተቆርጦ፣ መርፌው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፣ እሱ ቁጭ ብሎ እያየ ፕላስቲክ የሚቀደድበት ነገር መኖር የለበትም። ወረቀት ላይ አራት ነገር ሳሉ፣ ማሰሪያ፣ እርጥብ ጥጥ፣ መርፌ፣ ፕላስተር። ስዕሉ ባያምርም ግድ የለም። እናቱ ጭን ላይ ፊቱን ወደሷ አድርጎ ደረት ለደረት ይቀመጥ፣ እሷ ትቀፈው፣ አንዱ ክንዱ በብብቷ ስር ወደ ኋላ ይውጣ፣ እናንተ ከጀርባዋ ናችሁ። ማሰሪያው ሲታሰር የመጀመሪያዋን ስዕል ሰርዙ። አልኮሉ እንደሚቀዘቅዝና እንደሚሸት ንገሩት፣ ሁለተኛዋን ሰርዙ። መርፌ፣ ቁጠሩ፣ ሰርዙ። ፕላስተር፣ "አለቀ"። የሚወጋው ከክፍሉ ሁሉ እጁ የተካነው ይሁን፣ ተማሪ የሚለማመድበት ሰዓት አይደለም። ሁለቴ ተሞክሮ ካልተገኘ አቁሙ፣ አስቸኳይ ካልሆነ ሌላ ቀን ይሻላል። ማደንዘዣ ቅባት ካገኛችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ቀድሞ ይቀባ። በጉልበት መያዝ ህይወት ለማዳን ካልሆነ በስተቀር አይሁን፣ አንዴ ከሆነ በኋላ የሚቀጥሉት ዓመታት ቀጠሮ ሁሉ በዛ ቀን ፍርሃት ነው የሚመጣው።

ለጥርስ ወይም ለሲቲ ስካን ሰመመን የሚሰጠው ከሆነ አጋጣሚውን አታባክኑት፣ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ በዛው ጆሮውም ይታይ፣ ጥርሱም ይታይ፣ ደሙም ይወሰድ።

5. "ባህሪው ተቀየረ" ሲባል፦ ከራስ እስከ እግር

እናት እንዲህ ስትል ትሰማላችሁ፦ "ዶክተር፣ ሰሞኑን ራሱን እየመታ አስቸገረኝ፣ እንቅልፍም የለው፣ እንጀራም ትቷል።" ሦስቱንም ለየብቻ ጠይቁ። ራሱን የቱጋ ነው የሚመታው? አንድ ጎን ብቻ ነው? መቼ ይብሳል፣ ሲበላ ነው፣ ሲተኛ ነው? እንጀራ ትቶ ወተት ይጠጣል ወይስ ሁሉንም ነው የተወው? ቀኝ መንጋጋውን በመዳፉ የሚመታ፣ ትኩስ ሻይ ሲሰጠው የሚገፋ፣ ሽሮውን ግን ቀዝቀዝ ካለ በኋላ በግራ በኩል የሚያላምጥ ልጅ ካጋጠማችሁ እዛጋ የጥርስ ህመም ነው የተጻፈው፣ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የኋላ መንጋጋውን እዩ። ጭንቅላቱን ግድግዳ ላይ የሚያጋጭ ከሆነ ጆሮ፣ ጥርስ፣ ራስ ምታት፣ ሳይነስ አስቡ።

ከዛ ወደታች ውረዱ። ዓይን፦ እኛ ጋ ትራኮማ አለ፣ ዓይኑን ደጋግሞ የሚያሽ ወይም ብርሃን የሚሸሽ ልጅ ሽፋሽፍቱ ይታይ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ህክምና ስላለ መላክ ይቻላል። ጆሮና አፍንጫ ውስጥ የገባ ሽምብራ፣ ዶቃ ይኖራል፣ ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ካለ በተለይ። ጉሮሮ። ከበላ በኋላ ጀርባውን ወደኋላ የሚለጥጥ፣ ደረቱን የሚደቃ ከሆነ ቃር። ሆድ በእጅ ይዳበስ። ሽንት ሲሸና የሚያለቅስ ከሆነ ሽንት ይመርመር። ወንድ ልጅ ከሆነ ቡአና የዘር ፍሬው ይታይ፣ በሀፍረት የሚታለፍ ቦታ ስለሆነ ነው የማነሳው። ቆዳው ላይ እከክ፣ ጣቶቹ መሀል። እግሩ ላይ እሾህ፣ የበቀለ ጥፍር፣ የጠበበ ጫማ፣ የሚያነክስ ከሆነ ስብራት። ከደንቢያ ወይም ከመተማ በኩል የመጣ ከሆነ፣ ትኩሳቱ ባይሰማችሁም የወባ ምርመራ ይደረግ። ቆላ ሰርቶ የመጣ ጎልማሳ ከሆነ፣ የከረመ ትኩሳት ካለውና ከከሳ ጣፊያውን ዳብሱና ካላዛርንም (ቆላ ላይ የሚይዘውን፣ ጣፊያ የሚያሳብጠውን በሽታ) አስቡ።

መድኃኒት እየወሰደ ከነበረ መድኃኒቱንም ጠርጥሩ። ሪስፔሪዶን ወይም ሃሎፔሪዶል (ለባህሪ የሚሰጡ ማረጋጊያዎች) ከተጀመረ ወይ ከተጨመረ በኋላ መቀመጥ ያቃተው፣ ሲንቆራጠጥ የሚያድር ሰው መድኃኒቱ ያመጣበት ሊሆን ይችላል፣ እኛ ግን ባሰበት ብለን ዶዙን እንጨምርና እሳቱን እናባብሳለን።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘና ህመም ነው የሚል ጥርጣሬ ከቀረ፣ ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ አስልታችሁ ለአንድ ሁለት ቀን ስጡና እዩት፣ ከተረጋጋ የሚያመው ነገር አለ ማለት ስለሆነ ተመልሳችሁ ፈልጉ። ከህመም ውጪ ያለውንም ጠይቁ፣ ቤት ቀይረዋል ወይ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል ወይ፣ የሚንከባከበው ሰው ሄዷል ወይ፣ ተኩስ ሰምቷል ወይ፣ የሚመታው ወይ የሚነካካው ሰው አለ ወይ። የመጨረሻዋን ለብቻ፣ በር ዘግታችሁ ጠይቁ። መናገር የማይችል ልጅ ጥቃት የሚፈጽምበትን ሰው መጠቆም አይችልም፣ ይሄንን የሚያውቅ ሰው ደሞ ይጠቀምበታል።

6. ሆድ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ

ሆድ ድርቀት ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። "ሰገራ ይወጣል?" ብላችሁ ስትጠይቁ "አዎ" ይባላል፣ አይበቃም። በሳምንት ስንቴ፣ ደረቅ ነው ወይ፣ ሽንት ቤት ይደፍናል ወይ፣ ሱሪው ላይ ቀጭን ፈሳሽ ይታያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሱሪ ላይ የሚታየው ፈሳሽ ተቅማጥ ሳይሆን የደረቀው ሰገራ ዳር ዳሩን ሾልኮ የሚወጣ ሊሆን ይችላል፣ እዛ ላይ የተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት ማባባስ ነው። ከተጠራቀመ መጀመሪያ ማስወጣት፣ ከዛ ለወራት በላክቱሎስ ወይም በሌላ ማለስለሻ መያዝ፣ ለሦስት ቀን ሰጥቶ ማቆም አይሰራም። ውሃ፣ ተልባ፣ ፓፓያ ይረዳል፣ ከምግብ በኋላ እግሩ መርገጫ አግኝቶ ሽንት ቤት እንዲቀመጥ ማስለመድም እንደዛው።

ምግብ የሚመርጡት በጥጋብ አይደለም። አንዱ ነጭ እንጀራ ብቻ፣ አንዱ ደረቅ ዳቦ ብቻ፣ ልስላሴው ወይ ሽታው ስለሚከብዳቸው ነው። ቤተሰቡ "ካራብኩት ይበላል" ብሎ ካሰበ አስጠንቅቁ፣ ከመብላት ይልቅ ቀኑን ሙሉ የሚጾሙ ልጆች አሉ። ዝርዝሩን ጻፉ፣ በሳምንቱ ውስጥ የበላውን ሁሉ። አትክልትና ፍራፍሬ ጭራሽ የሌለበት ከሆነ ድዱ ደምቶ፣ እግሩ አልራመድ ብሎ ሲመጣ የቫይታሚን ሲ እጥረት አስቡ። አፈር፣ ጠመኔ፣ ቀለም የሚበላ ከሆነ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ) ይታይ፣ የሆድ ትል ይታከም። የብረት መድኃኒት ስትሰጡ ከሻይና ከቡና ጋር እንዳይሆን ንገሩ። አዲስ ምግብ ሲለማመድ ከሚወደው አጠገብ በትንሹ ይቀመጥ፣ መጀመሪያ ይይ፣ ይሽተት፣ ይንካ፣ ወራት ይፈጃል።

እንቅልፍ ላይ መጀመሪያ ምክንያቱን ፈልጉ፣ ማንኮራፋት፣ ቁንጫ፣ ማሳከክ፣ ጨለማ መፍራት፣ ማታ ስልክ ማየት። በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ቅደም ተከተል፣ መታጠብ፣ ወተት፣ መብራት ማጥፋት። ይሄ ካልሰራና ሜላቶኒን ከተገኘ ሊረዳ ይችላል። ለእንቅልፍ ብቻ ብሎ ዲያዜፓም ማስለመድ አይገባም። እና እናትየዋስ ትተኛለች ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

7. የሚጥል በሽታ

ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ውስጥ የሚጥል በሽታ ከሌላው ሰው በብዙ የበለጠ ነው፣ አንዳንዱ ላይ በልጅነት፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ በጉርምስና ይጀምራል፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮ ካለ ይጨምራል። መውደቅና መንቀጥቀጥ ብቻ አትጠብቁ፣ ለአፍታ ደርቆ መቅረት፣ ከንፈር ማላመጥ፣ ከእንቅልፍ ደንግጦ መነሳትም ይሆናል። ከሚደጋገም የእጅ እንቅስቃሴ ጋር ላይለይባችሁ ይችላል፣ ስለዚ ቤተሰቡ በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ፣ ከማንኛውም ገለጻ ይሻላል። ስሙን ስትጠሩት ወይ ስትነኩት የሚያቆም ከሆነ የሚጥል የመሆን እድሉ ይቀንሳል።

ጤና ጣቢያ ላይ ቶሎ የሚገኘው ፌኖባርቢታል ነው፣ ይሰራል፣ ግን ልጆች ላይ እረፍት የለሽነትና ቁጣ ሊያመጣ ይችላል። ከተጀመረ በኋላ ባህሪው ከባሰበት ወደ ሆስፒታል ልካችሁ ይቀየርለት፣ በድንገት ግን አታቁሙት፣ ማቆሙ ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ቫልፕሮይክ አሲድ ለሴት ልጅ፣ በተለይ ለአካለ መጠን ለደረሰች፣ ሌላ አማራጭ ካለ አይሁን፣ ጽንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት እንደሚቋረጥ እናውቃለን፣ ስለዚ ከሩቅ ለሚመጣ የአንድ ወር ሳይሆን የቻላችሁትን ያህል ጨምራችሁ ስጡ።

8. መድኃኒት ለባህሪ

ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። ሪስፔሪዶን የሚሰጠው ራሱን ወይም ሌላውን ለሚጎዳ ከባድ ቁጣ ነው፣ እሱም ክፍል 5 ላይ ያለው ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ። አሜሪካ ውስጥ ለዚ ጉዳይ የጸደቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ከ5 እስከ 16 ዓመት ላሉ ነው። መነሻው ትንሽ ነው፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ በቀን 0.25 ሚሊግራም፣ 20 ኪሎና ከዛ በላይ ለሆነ 0.5፣ ከዛ ቀስ ብሎ። ሳይጀመር ክብደት፣ የወገብ ልክ፣ ስኳር ይመዝገብ፣ በየቀጠሮው ክብደት ይታይ፣ ይወፍራሉ። ጡት ማበጥ፣ የወር አበባ መቅረት፣ መገተር፣ መንቆራጠጥ ይጠየቅ። ዓላማው በቁጥር ይጻፍ፣ "በቀን ስንቴ ራሱን ይመታል"፣ ካልቀነሰ ይቁም። ለዓመታት ማንም ሳያየው ሪፊል ሲደረግ የሚኖር ወረቀት ብዙ ነው።

9. ጸበል፣ ክትባትና ሌሎች የሚነገሩ ነገሮች

ወደኛ ከሚመጡት ብዙዎቹ ከኛ በፊት ጸበል ሄደዋል፣ ይሄ የሚያሳፍርም የሚያስቆጣም ነገር አይደለም። "ጸበሉን ተዉ" ካላችሁ የሚተዉት እናንተን ነው። እንዲህ በሉ፦ "ጸበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ፣ ለሚያጠምቁት አባትም ንገሯቸው።" የምታሳስቧቸው ሦስት ነገር ነው፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በሱባኤው እንዳይቋረጥ፣ ልጁ ከምግብና ከውሃ ብዙ ሰዓት እንዳይቆይ፣ እንዳይታሰርና እንዳይመታ። አብዛኞቹ አባቶች በአክብሮት ከተነገራቸው ይረዳሉ። እናትየዋ ላይ "የኃጢአትሽ ነው" የተባለ ነገር ካለ በግልጽ "እታለም፣ አንቺ ባደረግሽው ነገር የመጣ አይደለም" በሏት፣ ባሏ ባለበት ቢሆን ይመረጣል።

ክትባት ኦቲዝም አያመጣም። ወሬው የተነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. ከወጣ አንድ ጽሁፍ ነው፣ ጽሁፉ በ2010 እ.ኤ.አ. ተሰርዟል፣ ጸሐፊው ዋክፊልድም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል። ኩፍኝ ግን ልጅ ይገድላል፣ ስለዚ ያመለጠው ክትባት ካለ ታናናሾቹም ጭምር ይሰጣቸው። ሰውነትን ከከባድ ብረቶች ያጸዳል የሚባል መርፌ፣ በረኪና የተቀላቀለ ጠብታ፣ በቲክቶክ የሚሸጥ ምናምን በጭራሽ፣ ገንዘብም ልጅም ይበላል።

10. ሲያድጉ

ኦቲዝም 18 ዓመት ላይ አይቆምም፣ ከህፃናት ክፍል ሲወጡ ግን ብዙዎቹ ይጠፋሉ። ከመውጣቱ በፊት አዋቂ ክፍል የሚረከበው ባለሙያ በስም ይታወቅ። ለሴት ልጅ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት በስዕልና በልምምድ ይነገራት፣ በየወሩ በተመሳሳይ ቀን የሚብስባት ከሆነ የቁርጠት መድኃኒት ቀድሞ ይሰጣት። ለወንዱም ስለ ሰውነቱ፣ ማን ሊነካው እንደሚችልና እንደማይችል በግልጽ ቃል ይነገረው።

የሚናገሩ፣ ተምረው ስራ የያዙ፣ ዲያግኖሲስ ያላገኙ አዋቂዎችም አሉ፣ ሴቶች በተለይ ይደብቁታል። ዕድሜ ልካቸውን እንደሌላው ለመምሰል ሲደክሙ የኖሩ ናቸው፣ ጭንቀት፣ ድብርት፣ ራስን የማጥፋት ሀሳብ እነሱ ላይ ይበዛል። ፊታቸው ስላልተከፋ ደህና ናቸው ማለት አይደለም፣ "ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፣ መጠየቅ ሀሳቡን አያመጣውም።

11. ገና ስም ያልተሰጠው ልጅ ከመጣ

በ12 ወሩ "ባባ፣ ዳዳ" እያለ ድምፅ ካላወጣና በጣቱ ካልጠቆመ፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል ከሌለው፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገናኘ፣ ወይም በየትኛውም ዕድሜ የነበረውን ንግግር ካጣ "ወንድ ልጅ ይዘገያል" ብላችሁ አትሸኙ። የጆሮው መስማት መጀመሪያ ይመርመር። ንግግሯን ያጣች፣ እጆቿን ያለማቋረጥ የምታፋትግ ሴት ልጅ ከሆነች ሬት ሲንድሮም የሚባል ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የጭንቅላቷን ልክ ለኩና ላኳት። ኦቲዝምን የሚለይ የደም ምርመራ ወይም ሲቲ ስካን የለም፣ ቤተሰቡ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ለምርመራ እንዳይሄድ ይሄን ንገሩት።

እርዳታ ለመጀመር የመጨረሻ ወረቀት አይጠበቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ያልሆነ ሰው ለወላጆች እንዲሰጠው ያዘጋጀው ስልጠና አለ፣ አገራችንም ተሞክሯል፣ ዋናው ነገሩ በየቀኑ በሚሰራ የቤት ስራና ጨዋታ ውስጥ ልጁን ማሳተፍ ነው። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ መቀመጥ፣ የሚሰራውን እየተከተሉ በአጭር ቃል መሰየም፣ ሲጠቁም ወዲያው መመለስ፣ ለቡና ሲቆላ፣ ልብስ ሲታጠብ አንድ ትንሽ ድርሻ መስጠት። ይሄንን ለማሳየት የናንተ ክፍል 10 ደቂቃ ይበቃል።

12. ወረቀቱ

ሲወጡ አንድ ገጽ ጻፉላቸው፣ ፎቶ አንስተው ስልካቸው ላይም ይያዙት፣ ማታ ኢመርጀንሲ ቢመጡ ለማያውቃቸው ተረኛ ይሰጡታል። የሚኖረው ይሄ ነው፦ ስሙና የሚጠራበት ስም፣ እንዴት እንደሚግባባ፣ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፣ የሚያስደነግጠው፣ የሚያረጋጋው፣ መድኃኒቶቹ ከነዶዛቸው፣ የሚጥል በሽታ ካለበት መንቀጥቀጡ 5 ደቂቃ ካለፈ ምን እንደሚሰጠው፣ የማን ስልክ እንደሚደወል። ወደ ጤና ጣቢያቸው የሚሄደው የመልስ ሪፈራል ላይም ይሄው ይጻፍ፣ የጤና መድን ተጠቃሚ ከሆኑ የሚቀጥለው የሪፈር ወረቀት ከየት እንደሚጻፍላቸውና መቼ እንደሚያበቃ አብራችሁ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ከደልጊ ድረስ መጥተው መስኮት ላይ ይመለሳሉ።